የገጠር ካውንቲ የእርሻ ድጎማ በአሜሪካ፦ ማን ይቀበላል? ስንት? ለምን?

በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአዮዋ ጋር በሚዋሰነው ኖብልስ ካውንቲ፣ ዓይን እስከሚያይ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። የካውንቲው ዋና ከተማ ዎርዚንግተን ይባላል። እዚያ ባለው የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችን ይሠራሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ውሎ አድሮ አንድ ወሬ መስማቱ አይቀርም፦ "እነዚህ ገበሬዎች እኮ መንግሥት ይከፍላቸዋል፣ ስማቸውም ኢንተርኔት ላይ አለ።" ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ደጋግመው የሚነሡትን ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲ ምንድን ነው? ድጎማው ለምን በካውንቲ ይቆጠራል?

ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው። ወረዳ ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። ሚኒሶታ ብቻዋን 87 አሏት።

ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥት ነው። ገበሬው ግን ጉዳዩን የሚጨርሰው በካውንቲው ባለው የፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ቢሮ ነው። ይህ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው በአጭሩ ኤፍኤስኤ ይለዋል። ገበሬው እርሻውን እዚያ ያስመዘግባል። በየዓመቱ ምን እንደዘራና በስንት ኤከር ላይ እንደዘራ ያሳውቃል። ቢሮው ላይ የሚወስን የካውንቲ ኮሚቴም አለ። ከ3 እስከ 11 አባላት አሉት፤ ለ3 ዓመት የሚመርጧቸው ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሌላው ምክንያት ስሌቱ ነው። አንዳንዱ ክፍያ የሚታየው በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ሳይሆን በካውንቲው አማካይ ምርት ነው። የእናንተ በቆሎ በበረዶ ቢመታ እንኳ ካውንቲው በጠቅላላ ጥሩ ካመረተ በዚህ መንገድ ምንም አታገኙም። የተገላቢጦሹም ይሆናል፦ ጎተራችሁ ሞልቶ የካውንቲው አማካይ ከወደቀ ይከፈላችኋል። የግጦሽ ድርቅ ክፍያም እንደዚሁ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አለ። በካውንቲው ውስጥ ድርቁ የተወሰነ ደረጃ ላይ ደርሶ ለተከታታይ ሳምንታት ከቆየ፣ ከብት አርቢው ማመልከት ይችላል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት። የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው መሬቱን በባንክ እየተነጠቀ ነበር። በ1933 የሩዝቬልት መንግሥት "ትንሽ አምርቱ፣ እኛ እንከፍላችኋለን" የሚል ሕግ አወጣ። የተዘራ ጥጥ ተመልሶ ታረሰ። ወደ 6 ሚሊዮን የአሳማ ግልገል ታረደ፤ ያውም ሰው በሚራብበት ዘመን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 ሕጉን ውድቅ አደረገው፤ ኮንግረስ በ1938 በሌላ መልክ መለሰው። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ "ፋርም ቢል" የሚባለው ሕግ እየታደሰ እዚህ ደርሷል። ለጊዜያዊ ችግር የመጣ መፍትሔ ነበር። ዘንድሮም አለ።

ድጎማ ሲባል አንድ ዓይነት ክፍያ ነው?

አይደለም። ጭቅጭቁ ግማሹ የሚመጣው ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ስለሚጠራው ነው። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የሰብል ዋጋ ወይም ገቢ ሲወርድ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው መሬት ለማሳረፍ የሚከፈለው። ሦስተኛው የአደጋ ክፍያ ነው፤ ድርቅ፣ ጎርፍ፣ የእንስሳት ሞት። አራተኛው የሰብል ኢንሹራንስ ነው። እዚህ መንግሥት ለገበሬው በቀጥታ ገንዘብ አይሰጥም፤ ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው ዓረቦን በአማካይ ከመቶ 60 ገደማውን ይሸፍንለታል። ይህ አራተኛው ትልቅ ነው፣ ግን አይታይም። በኋላ እመለስበታለሁ።

በእነዚህ ላይ ድንገተኛ ክፍያ ይጨመራል። የንግድ ጦርነት ሲመጣ አንድ ዙር፣ ኮቪድ ሲመጣ ሌላ ዙር።

ዋጋ ሲወርድ የሚከፈለው እንዴት ይሰላል?

ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰብል አንድ ዋጋ ያስቀምጣል። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከዚያ በታች ከወረደ ልዩነቱ ይከፈላል። በ2018ቱ ሕግ ለበቆሎ የተቀመጠው ዋጋ በቡሼል 3 ዶላር ከ70 ሳንቲም፣ ለስንዴ 5 ዶላር ከ50 ነበር። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ በቆሎን ወደ 4 ዶላር ከ10፣ ስንዴን ወደ 6 ዶላር ከ35፣ አኩሪ አተርን ከ8 ዶላር ከ40 ወደ 10 ዶላር ከፍ አደረገ። ቡሼል ለእኛ ባዕድ መለኪያ ነው። በኩንታል ስናስበው አዲሱ የበቆሎ ዋጋ 16 ዶላር ገደማ፣ የስንዴው ደግሞ 23 ዶላር ከፍ ይላል።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ፤ ገበሬውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በመዝገብ 400 ኤከር የበቆሎ መሬት አለው፤ ይህ 162 ሄክታር ያህል ነው። በመዝገብ ያለው ምርቱ በኤከር 150 ቡሼል ነው። የዓመቱ ዋጋ 3 ዶላር ከ60 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 50 ሳንቲም ነው። 50 ሳንቲም በ150፣ ከዚያ በ400 ይባዛል፤ 30,000 ዶላር ይመጣል። ሕጉ የሚከፍለው ግን ለመሬቱ 85 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ 25,500 ዶላር ይሆናል። ከበጀት ቅነሳ የሚመጣ ትንሽ ተቀናሽም አለ።

እጁ ላይ የሚገባው መቼ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። በ2025 መኸር ለተሰበሰበ በቆሎ ክፍያው የሚመጣው ከጥቅምት 2026 በኋላ ነው። የዓመቱ አማካይ ዋጋ እስኪታወቅ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ "ዋጋ ወደቀ፣ መንግሥት ደረሰላቸው" የሚባለው ትክክል አይደለም። ደርሶላቸዋል፣ ግን ካለፈ በኋላ። የባንክ ብድርና የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው ያን ያህል መጠበቅ ቀላል አይሆንለትም።

መሬቱን ሳያርሱ ይከፈላቸዋል የሚባለው እውነት ነው?

በሦስት መልኩ እውነት ነው።

አንደኛ፣ ከላይ "በመዝገብ" ያልኩት ቃል አለ። ክፍያው የሚሰላው ዘንድሮ በተዘራው ላይ አይደለም። "ቤዝ ኤከር" በሚባል፣ ከድሮ ዓመታት የዘር ታሪክ በተያዘ መዝገብ ላይ ነው። መሬቱ የበቆሎ መዝገብ ካለው፣ ዘንድሮ አኩሪ አተር ቢዘራበትም ክፍያው የበቆሎ ነው። መዝገቡ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ይሸጣል፣ ይወረሳል።

ሁለተኛ፣ ጦም እንዲያድር የሚከፈልበት መሬት አለ። በ1985 የተጀመረ ፕሮግራም ነው። ገበሬው ለአፈር መሸርሸር የተጋለጠውን ወይም ውሃ ዳር ያለውን መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ሣር አልብሶ ይተወዋል፤ መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል። ይህ በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው ነው። አፈር ይጠበቃል፣ ወንዙ ይጠራል፣ አእዋፍ ይመለሳሉ። በአንድ ካውንቲ ግን ከእርሻው መሬት ከሩብ በላይ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግማሹ መሬት ካረፈ ዘር ሻጩ፣ ትራክተር ጠጋኙ፣ የእህል መጋዘኑ ሁሉ ይዘጋል።

ሦስተኛው የሚያሳፍረው ነው። ከ1996ቱ ሕግ በኋላ እስከ 2014 ድረስ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም የሚሰጥ ቋሚ ክፍያ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በ2006 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2000 ጀምሮ ምንም እርሻ ለማያርሱ ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ዶላር መከፈሉን አሳየ። በቀድሞ የሩዝ ማሳ ላይ ቤት ሠርተው ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ገንዘብ ይደርሳቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመንግሥት ኦዲተሮች ደግሞ ከ1999 እስከ 2005 በሞቱ ሰዎች ስም 1.1 ቢሊዮን ዶላር መውጣቱን ገለጹ። ሁሉም ማጭበርበር አልነበረም፤ የሟች ውርስ እስኪጣራ መቀበል ይፈቀዳል። ያም ሆኖ ቋሚው ክፍያ በ2014 ቀረ።

የሚቀበለው ባለመሬቱ ነው ወይስ ተከራዩ?

እንደ ውሉ ነው። ተከራዩ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ድጎማው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። የእኩል ወይም የሲሶ ከሆነ ድጎማውም እንደ ምርቱ ይካፈላል። አያቶቻችን ይህን ሕግ ሳያነቡ ያውቁት ነበር።

በወረቀት እንዲህ ነው። በተግባር ግን ባለመሬቱ ድጎማ እንዳለ ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ይጨምራል። ከአሜሪካ የእርሻ መሬት ወደ 40 ከመቶ የሚሆነው የተከራየ ነው። ስለዚህ ለአራሹ ተብሎ የወጣው ገንዘብ ከፊሉ ከተማ ቁጭ ወዳለ ወራሽ ይሄዳል።

ለአንድ ሰው ጣሪያ የለውም?

አለው። ለሰብል ክፍያ በ2018ቱ ሕግ በዓመት 125,000 ዶላር ነበር፤ በ2025ቱ 155,000 ሆነ። የዓመት ገቢው በአማካይ ከ900,000 ዶላር በላይ የሆነ ሰውም በመደበኛው አይቀበልም።

ጣሪያው ግን ቀዳዳ አለው። የሚቆጠረው በሰው ስለሆነ፣ እርሻው የሽርክና ከሆነ እያንዳንዱ ሸሪክ የራሱ ጣሪያ አለው። ባልና ሚስት ሁለት ናቸው። በ2018 "ቤተሰብ" የሚለው ትርጉም ተለጥጦ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ የእህትና የወንድም ልጆች ጭምር ገቡ። "እርሻውን አስተዳድራለሁ" ማለት በቂ ነው፤ ትራክተር ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም። አራት ሸሪክ ያለው እርሻ አራት ጣሪያ አለው ማለት ነው።

ታዲያ የሚጠቀመው ትልቁ ነው?

አዎ። ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት ከ1995 ጀምሮ ያለውን ክፍያ በተቀባዮቹ ስም ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል። በእሱ ስሌት ከሰብል ክፍያው ከሦስት አራተኛ በላይ የሄደው ከተቀባዮቹ ለላይኞቹ 10 ከመቶ ነው።

ለዚህ ሴራ መፈለግ አያስፈልግም። ክፍያው በኤከር ነው። 4,000 ኤከር ያለው ከ40 ኤከሩ መቶ እጥፍ ያገኛል፤ ጣሪያው እስኪይዘው። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው። እንዲያውም በመዝገብ ያለው መሬት ከ10 ኤከር በታች ከሆነ፣ የተወሰኑ የገበሬ ክፍሎች ካልሆኑ በቀር፣ ጨርሶ አይከፈለውም። 10 ኤከር 4 ሄክታር ነው። ጎጃም ወይም አርሲ 4 ሄክታር ያለው ሰው ሀብታም ነው የሚባለው።

ደጋፊዎቹ የሚሉትም አለ። "ትልቁ ነው የሚያመርተው፣ ትልቁ ነው ዋጋ ሲወድቅ የሚጎዳው" ይላሉ። ሐሳቡ ስለ እህል ከሆነ ያስኬዳል። ነገር ግን ሕጉ በምክር ቤት ሲሸጥ ሁልጊዜ "ትንሹን የቤተሰብ እርሻ ለማዳን" ተብሎ ነው። ገንዘቡ የሚከተለው መሬትን ነው፤ ችግርን አይደለም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

የጎረቤቴን ስም ዝርዝሩ ላይ አየሁ። ይህን ያህል ገንዘብ ኪሱ ገባ ማለት ነው?

ቀስ በሉ። ስምና የገንዘብ መጠን ማየት መብት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ይገለጻል። ሲያነቡት ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አንዱ ስሕተት ድምሩ ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የብዙ ዓመት ድምር ያሳያል። 600,000 ዶላር አይታችሁ ስትደነግጡ የ25 ዓመት ይሆናል፤ በዓመት ሲካፈል 24,000 ነው። ይህ ለአንድ ትልቅ እርሻ የማዳበሪያ ወጪውን እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

ሌላው የስም ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ በአባት ስም፣ በልጅ ስም፣ በድርጅት ስም ሦስት ቦታ ሊወጣ ይችላል። ትንሽ የመሰለው ትልቅ ይሆናል። በተቃራኒው፣ አድራሻው በካውንቲው የሆነ ሰው መሬቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ግን የማይታየው ነው። ቅድም ያቆየሁት የሰብል ኢንሹራንስ በስም አይገለጽም። ማን ስንት እንደተደገፈ በሕግ ምስጢር ነው። ጣሪያም የለውም፣ የገቢ ገደብም የለውም። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ለአንዳንዱ ገበሬ ከእውነቱ በጣም ያነሰ ነው። ለ40,000 ዶላር በስም የሚጋለጥ ሰው አለ፤ ከዚያ በላይ በኢንሹራንስ የተደገፈው ግን በምስጢር ይያዛል። ይህ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

በ2018 እና 2019 የክፍያው ቁጥር ለምን ተተኮሰ?

የንግድ ጦርነቱ። አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ ቀረጥ ጣለች፤ ቻይና በሐምሌ 2018 በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 ከመቶ መለሰች። ገበያው ወደ ብራዚል ዞረ። መንግሥት በሁለት ዙር ወደ 23 ቢሊዮን ዶላር አካካሰ።

የ2019ኙ አከፋፈል ለካውንቲ ሰው የማይረሳ ነው። ለእያንዳንዱ ካውንቲ የተለየ የኤከር ተመን ወጣ፤ ዝቅተኛው 15፣ ከፍተኛው 150 ዶላር። መንገዱ የካውንቲ ድንበር በሆነበት ቦታ፣ ወዲያና ወዲህ አንድ ዓይነት አኩሪ አተር የዘሩ ሁለት ጎረቤቶች የተለያየ ገንዘብ ተቀበሉ። በ2020 ኮቪድ ሲጨመርበት የመንግሥት ክፍያ በአንድ ዓመት ወደ 46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

ለጎመን፣ ለቲማቲም፣ ለዶሮስ?

በዋጋ ክፍያው የሉበትም። እዚያ ያሉት በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጥጥ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ማሽላና የመሳሰሉት ናቸው። አትክልት የሚያመርት ሰው የኢንሹራንስና የአደጋ ፕሮግራሞች አሉት። ጤፍም በአሜሪካ ይመረታል፤ ግን ሕጉ ዋጋ ካስቀመጠላቸው ሰብሎች ውስጥ የለም።

ጥቁር ገበሬዎች እኩል አግኝተዋል?

አላገኙም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ መንግሥት ራሱ ከፍሎበታል። በ1920 አሜሪካ ውስጥ ከ900,000 በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ ከመላው አምራች ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ቅድም ያነሣሁት የካውንቲ ኮሚቴ ነው። በደቡብ ስቴቶች ኮሚቴው ከሞላ ጎደል የነጮች ነበር። ብድር የሚፈቀድለትና የሚከለከለው እዚያ ይወሰን ነበር። ለጥቁሩ ገበሬ ብድሩ የሚለቀቅለት የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር። መሬቱም በዕዳ ይሄድ ነበር።

የሰሜን ካሮላይናው ገበሬ ቲሞቲ ፒግፎርድ ከሌሎች ጋር ከሶ በ1999 ስምምነት ተደረሰ፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። በ2010 ኮንግረስ ዘግይተው ላመለከቱት 1.15 ቢሊዮን ፈቀደ። በ2024 ደግሞ በብድር አድልዎ ደረሰብን ላሉ ከ43,000 በላይ ሰዎች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተከፋፈለ።

ይህ ድጎማና ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው የእርዳታ ስንዴ ይገናኛሉ?

በታሪክ አዎ። የዋጋ ድጋፉ ትርፍ እህል አከማቸ። መንግሥት መጋዘኑ ሞልቶ ሲጨነቅ፣ በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ትርፉን ለውጭ አገር በእርዳታና በርካሽ ብድር የሚሰጥ ሕግ ፈረሙ። ኢትዮጵያ ከዚያ መንገድ ብዙ ስንዴና ዘይት ተቀብላለች። ዛሬ መንግሥት ያን ያህል እህል አያከማችም፤ ለእርዳታ ሲያስፈልግ ከገበያ ይገዛል። የእርዳታ እህሉ ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከብ እንዲጫን የሚያዝ ሕግም አለ። ስለዚህ የእርዳታው ገንዘብ ከፊሉ የተራበው ጋ ሳይደርስ ለመርከብ ባለቤት ይከፈላል።

እኔም ትንሽ መሬት ተከራይቼ ማረስ እፈልጋለሁ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ይመለከተኛል?

ይመለከታችኋል። ለክፍያዎቹ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ይታያል። ቪዛ ላይ ላለ ሰው ግን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ መሬት፣ ገንዘብና የራሱን ጉልበት ሦስቱንም ማስገባት አለበት።

ከበቆሎ ዋጋ ክፍያ ብዙ አትጠብቁ። ለጀማሪ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ኤፍኤስኤ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለው፤ ወረቀቱ ከትልቁ ብድር ይቀላል። ኢንሹራንስ ለማይሸጥለት አትክልት የአደጋ ሽፋን አለ። አትክልት የሚበቅልበት የፕላስቲክ ቤት ለመሥራት የአፈርና ውሃ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ወጪ ይጋራል፤ ብዙ ጊዜ ከኤፍኤስኤ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። በእርሻ ከ10 ዓመት በታች የቆየ ሰው "ጀማሪ" ስለሚባል በብዙ ቦታ ቅድሚያ ያገኛል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኤፍኤስኤ የሚሰጠው የእርሻ ቁጥር ነው። ቀጠሮ ይዛችሁ፣ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የመሬቱን ውል ይዛችሁ ሂዱ። ከባለመሬቱ ጋር በቃል ብቻ ተስማምታችሁ ከሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ገጽም ቢሆን አስፈርሙት። ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ የእኩል የሚለው በግልጽ ይጻፍበት፤ ክፍያ ሲመጣ ማን ይቀበል የሚለው የሚወሰነው በዚያ መስመር ነው።